የህሊና ነጻነት በፊላዴልፊያ

ፊላዴልፊያ ከሃይማኖታዊ ሐሳብ የተወለደች ከተማ ናት። መሥራቿ ዊልያም ፔን ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች ካህን የሌላቸው፣ በዝምታ ተቀምጠው የውስጥ ብርሃን እስኪመራቸው የሚጠብቁ፣ ከመሐላና ከጦርነት የሚርቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ፔን በእምነቱ ምክንያት በእንግሊዝ ደጋግሞ ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1681 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ለፔን አባት የነበረበትን ዕዳ በአሜሪካ መሬት ሲከፍለው፣ ፔን በደላዌርና በስኩልኪል ወንዞች መካከል ከተማ አስቀየሰ፤ ማንም ሰው በአምልኮው እንዳይነካም ደነገገ።

የፔን ክርክር አጭር ነበር። ህሊና የሚጠየቀው ለፈጣሪ ስለሆነ ንጉሥ ሊያዝበት አይችልም፤ በግድ የመጣ እምነትም እምነት አይባልም። ይህ ነጻነት የመነጨው ከራሱ ከእምነት ነው፣ ወሰኑም ከዚያው ይመጣል። የ1701 ቻርተር ጥበቃውን የሰጠው በአንድ አምላክ ለሚያምኑ፣ ሹመትን የፈቀደው ደግሞ በክርስቶስ ለሚያምኑ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ለዘመኑ ብዙ ነው። በእንግሊዝ ቅዳሴ በሕግ በተከለከለበት ጊዜ፣ በ1733 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተባት።

ነጻነቱ ሰው አመጣ፣ ሰውም ንግድ። ጀርመኖች፣ አየርላንዳውያንና አይሁድ ሰፈሩባት፤ ከወደቧ ዱቄትና እንጨት ወደ ካሪቢያን እየተጫነ በምትኩ ስኳርና ሩም ይገባ ነበር። ስኳሩን የሚያመርቱት ባሪያዎች ነበሩ። በከተማዋም ሰው ይሸጥ ነበር፤ ፔን ራሱ ባሪያዎች ነበሩት።

ታዲያ ህሊናው ነጻ የሆነ ሰው የሌላውን ሰው ሥጋ ሊገዛ ይችላል? ዛሬ የከተማዋ አካል በሆነችው በጀርመንታውን አራት ሰዎች ይህን ጥያቄ በ1688 ጽፈው አቀረቡ። መከራከሪያቸው ለራስህ የማትወደውን በሌላው ላይ አታድርግ የሚለው ሕግ ነው። ጉዳዩ ከአንዱ የኩዌከሮች ጉባኤ ወደ በላዩ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ ከባድ ነው ተብሎ ሳይወሰንበት ቀረ። ኩዌከሩ ቤንጃሚን ሌይ በ1738 ቀይ ጭማቂ የያዘ መጽሐፍ በሰይፍ ወግቶ ደም በመሰለው ፈሳሽ ባሪያ ያላቸውን ወንድሞቹን ረጨ፤ ከማኅበሩ የተባረረው ግን እሱ ሆነ። የማኅበሩ አባላት ባሪያ እንዳይኖራቸው ዓመታዊው ጉባኤ የከለከለው በ1776 ነው። ኩዌከሮች በድምፅ ብልጫ አይወስኑም፤ የሁሉ ልብ አንድ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ይህ ትዕግሥት በጸሎት ቤት በጎ ምግባር ነው። ከሚጠብቁት መካከል ባለጸጋ ነጋዴዎች ሲበዙ ግን ለትርፍ የሚመች መዘግየት ይሆናል።

ሪቻርድ አለን ግን አልጠበቀም። ባሪያ ሆኖ የተወለደውና ነጻነቱን በገንዘብ የገዛው ይህ የሜቶዲስት ሰባኪ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ከተንበረከኩበት ጸሎት በኃይል ሲነሡ ከወገኖቹ ጋር ወጥቶ ሄደ። በ1794 ቤቴል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ነጮቹ አለቆች ሕንፃውም መድረኩም በእኛ ሥልጣን ሥር ነው ብለው ለዓመታት ተሟገቱ፤ በ1816 ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ፣ በዚያው ዓመትም የአፍሪካውያን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች። የህሊና ነጻነት ያለ ቦታ ይዞታ ባዶ መሆኑን አለን ከማንም ቀድሞ የተረዳ ይመስላል። ቤቴል ዛሬም በስድስተኛ ጎዳና በዚያው መሬት ላይ ናት።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከተማዋ በጨርቃ ጨርቅ፣ በመርከብና በባቡር ሞተር ፋብሪካዎች ገነነች፤ ብዙዎቹ ካቶሊክ የሆኑ ድሆች አየርላንዳውያን ሸማኔዎችም በኬንሲንግተን ተጨናነቁ። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚነበበው የፕሮቴስታንቶች መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ጳጳሱ ፍራንሲስ ኬንሪክ የካቶሊክ ልጆች በራሳቸው ትርጉም እንዲያነቡ ቢጠይቁ፣ መጽሐፉን ሊያስወጡ ነው ተባለ። የሥራ ሽሚያም እሳቱን አባባሰው። በግንቦት 1844 ሁለት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰውም ሞተ። ግጭቱን ያስነሣው የትምህርት ቤት ንባብ ግን ቀጠለ። የፔንሲልቬኒያ ሕግ በየማለዳው ቢያንስ ዐሥር ቁጥር እንዲነበብ ያዝ ነበር፤ ይህን ሕግ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1963፣ ከከተማዋ አጠገብ ካለችው ከአቢንግተን በተነሣ ክስ ነው።