ያልነካ እጅ ንጹሕ ነውን?

ሰው ስለ ጥፋት ሲጠየቅ ከሚሰጣቸው መልሶች ሁሉ የተለመደው «እኔ ምንም አላደረግሁም» የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ክርክርም የሚዘጋ ይመስላል። ምንም ያላደረገ ሰው በምን ይጠየቃል? ጲላጦስም እጁን ሲታጠብ ያሰበው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ ግን ይህን ጥያቄ ከፍርድ ሸንጎ አውጥተን ወደ ጊታር ልንወስደው ነው። አንባቢ ሆይ፣ አትሣቅብን፤ ነገሩ ወዲህ ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ከእግሩ ሥር ፔዳሎች ይደረድራል። አንዱ ድምፁን ያሻክራል፤ አንዱ ያስተጋባል፤ ሌላው ደግሞ እንደ ሰው አፍ ከፈት ዘጋ እያደረገ «ዋ-ዋ» ያሰኘዋል። ይህ ዋ-ዋ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጹ ሸክላዎችን ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ፔዳል ሲረገጥ ይበራል፣ ዳግመኛ ሲረገጥ ይጠፋል። ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይነሣል፦ የጠፋ ፔዳል በእርግጥ ጠፍቷልን?

«ጠፋ ጠፋ ነው፤ ምን ይሠራል?» ይባል ይሆናል። ግን አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገበያ ላይ የዋሉት የዋ-ዋ ፔዳሎች ማብሪያቸው የሚቀያይረው መውጫውን ብቻ ነበር። ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ያልፋል፤ የፔዳሉ መግቢያ ግን ከመስመሩ አልተቆረጠም። ገበሬ ውኃ ወደ ማሳው ሲመራ ከቦዩ ጎን ሳትደፈን የቀረች ቀዳዳ እንደ ማለት ነው። ውኃው ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ተቀንሶ ነው። ጊታር የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ደካማ ስለሆነ አስቀድሞ የሚጎዳው የድምፁ ቀጭን ጫፍ፣ ያ ጥርት ያለው ክፍል ነው። የሚቀረውም ጋቢ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል።

«ታዲያ የአምፕሊፋየሩን ትሬብል መጨመር ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ነገር ግን ትሬብሉ ሲጨመር «ሽ…» የሚለው የመሣሪያው ጫጫታም አብሮ ይነሣል። በመንገድ የጠፋውን መጨረሻ ላይ በጩኸት መተካት አይቻልም።

ለዚህ መፍትሔ ከተባሉት አንዱ በጊታሪስቶች ዘንድ «ባይፓስ ስዊቸር» የሚባለው ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ፔዳል በመግቢያና በመውጫ ገመድ ከሳጥኑ ጋር ይያያዛል። ተጫዋቹ ሲፈልገው ድምፁ ወደ ፔዳሉ ሄዶ ይመለሳል፤ ካልፈለገው ፔዳሉ በሁለቱም ወገን ተቆርጦ ከነገመዱ ከመስመሩ ይወጣል። የማይሠራው ፔዳል ከዚህ በኋላ የሚወስደው ነገር የለም።

ይህ ሳጥን አንድ ነገር ያስተምረናል እንላለን። አለመሥራትና አለመኖር ልዩ ልዩ ናቸው። አንድ አቤቱታ ዐሥር ጠረጴዛ አልፎ ወደ ውሳኔ ሲሄድ ከዐሥሩ ሰዎች አንዱም «አልተቃወምኩም» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱ ጋ ሳምንት፣ ሌላው ጋ ወር ያድራል፤ ሲደርስም ባለጉዳዩ ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ገብቷል። ማን በደለው? እያንዳንዱ የወሰደበት ጥቂት ነው፤ ለብቻው ቢመዘን ሚዛን አያነሣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ለደግ ሥራ ብቻ ይመስለናል፤ ለበደልም ይሠራል። ስለዚህ በመንገድ ላይ የቆመ ሰው «አልነካሁም» ማለቱ አይበቃውም። መቆሙ ራሱ ምን እንደሚያስከፍል መጠየቅ አለበት።

እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ በቀለለን ነበር፤ «የማይሠራ ሁሉ ከመንገድ ይውጣ፣ ድምፁም ሳይነካ ይለፍ» ብለን እናርፍ ነበር። ግን ገመድ አለ። ተራ የጊታር ገመድ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ አለው፤ ይኸው የገመዱ ጠባይ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። ፔዳሉ ሁሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ 15 ሜትር ገመድ ብቻውን ድምፁን ያደበዝዘዋል። እንግሊዛዊው ፒት ኮርኒሽ፣ ለፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር የፔዳል ሰሌዳ የሠራው ባለሙያ፣ ፔዳሎችን ሁሉ በባዶ ማለፍ የሚለውን ዘዴ የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። እርሱ የመረጠው «በፈር» የሚባለውን ነው፤ ድምፁን በመግቢያው ላይ ተቀብሎ፣ ከጊታሩ ብዙ ሳይወስድ፣ ረጅሙን ገመድ በሚችል ጉልበት ወደፊት የሚሰድ አነስተኛ ሰርኪዩት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፦ በፈር ድምፁን ይነካል። ዘወትር ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሆኖም በረጅም መንገድ ላይ ድምፁ ሳይጎድል የሚደርሰው በእርሱ እጅ ነው። ያልነካው ገመድ አጎደለ፤ የነካው በፈር ጠበቀ። እርሱም ቢሆን በሁሉም ስፍራ አይቆምም። ፈዝ ፌስ የሚባለው ድምፅ አሻካሪ ፔዳል ከጊታሩ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ያምርበታል፤ በፈር ከፊቱ ቢገባ ጠባዩ ይበላሻል። አገልጋይም ቦታውን ማወቅ አለበት።

ታዲያ «ንጹሕ ድምፅ» የምንለው የቱ ነው? በገናን እንመልከት። ዐሥሩን አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚያገናኛቸው ስፍራ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ያ ልብ የሚነካ እዝዝታ የሚመጣው አውታሩ ከቆዳው ጋር ሲገናኝ ነው። ቆዳውን አውጥቶ «አሁን በገናው ጠራ» የሚል በገና ደርዳሪ አይገኝም። የበገናው ድምፅ ከመነካቱ የተወለደ ነው። የእንዚራው መንካት ግን ታውቆ፣ ተመርጦ፣ በስፍራው የተደረገ ነው። ተረስቶ በመስመሩ ላይ የቀረው የዋ-ዋ መግቢያ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ የሚወስደውን ማንም ያዘዘው የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን በተሳሳተ ስፍራ ጠይቀነዋል። «ነካህ ወይስ አልነካህም?» ማለት አይበቃም። «በአንተ በኩል ያለፈው ነገር እንዴት ሆኖ ደረሰ?» መባል አለበት። ነገ መምህር፣ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ የምንሆን ሁሉ የሰው ቃል በእኛ በኩል ያልፋል። አስተርጓሚ «እኔ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም» ቢል እውነቱን ይሆናል፤ የተናጋሪው ቁጣ ወይም ልመና ግን በእርሱ ላይ ቀርቶ ይሆናል። አንዳንዴ ግዴታችን እንደዚያ ሳጥን ፈጽሞ መውጣት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ተቀብለን፣ ጉልበት ጨምረን ማድረስ ነው። የቱ እንደሆነ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ብቻ ነው። እስቲ እያንዳንዳችን ወደዚያኛው ጫፍ ሄደን እናዳምጥ።