የሽጉጥ ባለቤትነትና የጎረቤት ነፍስ

ሰው ለሕይወቱ እንዲጠነቀቅ ፈጣሪው በባሕርዩ አሳድሮበታል። ስለዚህ ለቤቱ በር ያበጃል፥ በሩን ይቈልፋል፥ ውሻ ያሳድጋል፥ አቅም ያለውም ዘበኛ ይቀጥራል። ይህ ሁሉ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄ የሚነሣው ጥበቃው ሰውን በሚገድል መሣሪያ በሚሆንበት ጊዜ ነው፤ ይልቁንም ባለቤቱ ያን መሣሪያ እንደ ወዳጅ የሚወድደው ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል።

ቃሊቲ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለች፥ ፋብሪካና መጋዘን የበዛባት፥ የጭነት መኪናዎች የማይታጡባት ሰፈር ናት። ስሟ በሀገሩ ሁሉ ከወኅኒ ቤት ጋር ተያይዞ ቢነሣም፥ ነዋሪዎቿ እንደ ማንኛውም ሰፈር ሰው ሲደክሙ ውለው የሚያድሩ ናቸው። በዚያ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ተገኝቼ ሳለሁ፥ ቀድሞ በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ አንድ አረጋዊ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «የኔታ፥ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለኝ፤ ፈቃዱም በእጄ ነው። በየሳምንቱ ጥይቱን አውጥቼ እወለውለዋለሁ፤ ስወጣም ሳልታጠቀው አልወጣም። ከልጆቼ ቀጥሎ የምወደው እርሱን ነው ብል አልዋሽም። ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ነገሩ በማኅበርተኞች ፊት የተነገረ እንጂ የንስሐ ምስጢር እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ፤ ጠያቂውም እንድጽፈው ፈቅደዋል።

ከተቀመጡት አንዱ፥ ጌታ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ እንዲገዛ ለደቀ መዛሙርቱ መናገሩን (ሉቃ. 22) ወዲያው አነሡ። ሌላው ደግሞ ያው ሰይፍ በተመዘዘ ጊዜ ወደ ሰገባው እንዲመለስ ማዘዙን (ማቴ. 26) ጠቅሰው ተከራከሩ። ሁለቱም የተጻፈውን ተናገሩ። እኔ ግን በዚያች ሌሊት የቈሰለው ማን እንደ ሆነ እንዲያስቡ ለመንኋቸው። ሊቀ ካህናቱ አልቈሰለም፤ ይሁዳም አልቈሰለም፤ የቈሰለው ማልኮስ የተባለ ታዝዞ የመጣ አገልጋይ ነው (ዮሐ. 18)። ጴጥሮስ ሰይፉን የመዘዘው መምህሩን ለመጠበቅ ነበር፤ ምላጩ ያረፈው ግን የሴራው ባለቤት ባልሆነ ሰው ጆሮ ላይ ነው።

የኦሪት ሕግ ራስን መከላከልን አልከለከለም። በሌሊት ቤት ሲቈፍር የተገኘ ሌባ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ አይኖርም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት (ዘጸ. 22፥ 2-3)። በጨለማ የነቃ ሰው የመጣበት ሰው ሊሰርቅ ወይም ሊገድል እንደ መጣ መለየት አይችልም፤ በብርሃን ግን ፊቱን ያያል፥ ጮኾም ጎረቤት ይጠራል። እንግዲህ የሌባ ደም እንኳ በሙሴ ሕግ ከቊጥር ገብቷል። ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ ደግሞ ተዋጊነቱ ተነግሮት በሬውን ያልጠበቀ ሰው፥ በሬው ለገደለው ነፍስ ራሱ ይጠየቃል። በዘዳግም 22፥ 8 ላይም ቤት የሚሠራ ሰው፥ ሌላው ከሰገነቱ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። የበሬው ባለቤት በሬው በወጋ ጊዜ ምናልባት ተኝቶ ነበር፤ የሰገነቱ ባለቤትም ማንንም አልገፋም። ሆኖም ሁለቱም አስቀድመው ሊያስቡ ይገባቸው ስለ ነበር ተጠያቂዎች ናቸው። ፍትሐ ነገሥትም ወዶ የገደለውንና ሳይወድ የገደለውን ለይቶ ይፈርዳል እንጂ፥ አለማሰብን እንደ ንጽሕና አይቈጥርም።

አረጋዊው የሚወዱት ሽጉጥ «ማግነም» የሚባለው ዓይነት ነው። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ታላቅ» ማለት ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ሽጉጥ ከነጥይቱ ሲያወጣ፥ የጥይቱ ቀለህ ከቀድሞው ጥይት ጥቂት እንዲረዝም ተደረገ። ምክንያቱም ኃይለኛው ጥይት በአሮጌ ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ በተኳሹ እጅ ላይ እንዳይፈነዳ ነው። ብልህ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን የተጠነቀቀው ለባለቤቱ እጅ ነው። ከአፈሙዙ ወዲያ ላለው ሰው የሚጠነቀቅ ማን ነው? እንዲህ ያለው ሽጉጥ እንደ ሌሎቹ በእጅ የሚቈለፍ መከልከያ የሌለው መሆኑ የተለመደ ነው፤ ጥይት ከጎረሰ ቃታውን ለሳበው ሁሉ ይተኩሳል፤ የሳበው አባወራው ይሁን የአምስት ዓመት ልጅ አይለይም።

የሰፈራችንን ቤቶች ደግሞ አንባቢ ያውቃቸዋል። በብዙ ግቢ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም ስስ የጭቃ ምርጊት ነው፤ በአንዱ ቤት ሕፃን ቢያስል በሌላው ይሰማል። ይህን ጥይት ቆርቆሮ አያቆመውም። ሌባውን ቢስት ያልፋል፤ ቢያገኘውም እርሱን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አረጋዊውን፥ «ከአልጋዎ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ በስተጀርባ ማን ያድራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንዲት እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር» ብለው መለሱና ዝም አሉ። እኔም ይህን አልኋቸው፤ መሣሪያ መያዝዎ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ይህን መሣሪያ በዚህ ቤት ውስጥ ለመተኰስ ተዘጋጅቶ ማደር ግን በእነዚያ ልጆች ነፍስ መወራረድ ነው፤ ፈቃድ የሰጠው ሹም ስለ ግድግዳው አልጠየቀዎትም፥ እግዚአብሔር ግን ይጠይቀዎታል።

ስለ መወልወሉ ጥቂት ልናገር። መሣሪያን በንጽሕና መያዝ ከባለቤትነት ግዴታ አንዱ ነው። ጥይቱን አስቀድሞ ማውጣትና መቊጠር፥ የባሩዱን ጥቀርሻ ከአፈሙዙና ስድስቱ ጥይት ከሚገቡበት ቀዳዳ ሁሉ መጥረግ፥ በስሱ ቀብቶ ማድረቅ፥ ይህ ሁሉ የሚገባ ትጋት ነው፤ ዝጎ የተረሳ ሽጉጥ ከተጠበቀው ይልቅ ያሰጋል። የምነቅፈው ትጋቱ በብረቱ ላይ ማለቁን ነው። ሽጉጡን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲወለውል ቈይቶ ከነጥይቱ ከትራሱ ሥር የሚያኖር ሰው፥ ልጆቹ አልጋው ላይ እንደሚጫወቱ ረስቷል። ጥይቱ በሌላ ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ ቢሉት፥ «ሌባ ሲመጣ እስክከፍት ድረስ?» ይላል። መልሱ ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። ሌባ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ይመጣ ወይም አይመጣ ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን በየቀኑ በቤት ውስጥ አለ።

ሕዝባችን መሣሪያን የሚያከብረው ያለ ምክንያት አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሀገር ነጻነት የተጠበቀው በጸሎትም በጠመንጃም ነው፤ ታቦት ወጥቷል፥ ጥይትም ተተኩሷል። ከዚህ የተነሣ አባት ለልጁ ጠመንጃ ሲያወርስ ክብር እንዳወረሰው ይቈጠራል፤ ይህን አልንቅም። ነገር ግን መሣሪያ የተሰጠበትን ወይም የተገዛበትን ሐሳብ ይዞ አይኖርም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ በላከች ጊዜ፥ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉለት ቸርነት ምስጋናዋን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበት ነበር። ያ የወዳጅነት ስጦታ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት፥ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ በገባ ጊዜ፥ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ፈጸመ። በነፍሳቸው ላይ መፍረድ የእኛ አይደለም። እኔ የምመለከተው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቃል ነው፤ ምስጋናው ሳይፋቅ ሽጉጡ ያን አደረገ። «ለመከላከያ» ብሎ የገዛም ሰው ቃሉን በልቡ እንጂ በጥይቱ ላይ አልጻፈውም።

ታጥቆ መውጣትን በተመለከተ፥ መንግሥት በአዋጅ ቊጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድና በቊጥጥር ሥር አድርጓል፤ ምእመን ለሕጉ መታዘዝ ይገባዋል። ከሕጉ በላይ ግን ባለቤቱ ራሱን የሚመረምርበት ነገር አለ። ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ አልለመድሁም ብሎ አወለቀ (1 ሳሙ. 17)። ዛሬ ደግሞ ሽጉጡን ከመልመዱ የተነሣ ያለ እርሱ ከደጅ መውጣት እንደ ዕራቁትነት የሚሰማው ሰው አለ። ታክሲ ውስጥ በሳንቲም መልስ ክርክር ይነሣል፤ ባዶ እጁን ያለው ሰው ወይ ይታገሣል ወይ ይሳደባል፤ የታጠቀው ግን ሳያስበው እጁ ወደ ወገቡ ይወርዳል። ባይመዘውም ሌላው አይቶታል። ከዚያ በኋላ ዝም ያለው ሰው ዝም ያለው በፍርሃት እንጂ በእርቅ አይደለም። ወደ ለቅሶ፥ ወደ ሠርግ፥ መጠጥ ወዳለበት ማኅበር ታጥቆ መሄድ የባሰ ነው፤ በደስታ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ ወደ ምድር መውረዱ አይቀርም።

ለካህናት ወንድሞቼ ቃሌ አጭር ነው። በገጠር ጠመንጃ የሚያነግቱ ካህናት መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ምክንያታቸውንም፥ ሽፍታውን፥ የከብቱን ዝርፊያ ሰምቻለሁ። ይሁን እንጂ ሥጋ ወደሙን የሚያቀብል እጅ ደም ቢነካው ከመቅደስ አገልግሎት ይለያል። ካህን በአንዲት ጥይት ሟቹን ብቻ ሳይሆን የሚያገለግለውን ደብር ሁሉ ይጎዳል። የሚጠብቀው ቢያጣ ምእመናኑን ይጥራ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው የማነሣው። ባለ ሽጉጡ ሲሞት ሽጉጡ የማን ይሆናል? ቤቱና ንብረቱ በኑዛዜ ይከፈላል፤ ሽጉጡ ግን በሣጥን ውስጥ ሳይነገርለት ይቀራል። ለሣጥኑ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ችኩሉ ልጅ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ያለው አባት በሕይወት ሳለ ፈቃዱን ይዞ ወደ ፖሊስ ይሂድ፥ ከእርሱ በኋላ ሕጉ ምን እንደሚል ይጠይቅ፤ ከልጆቹ ለሽጉጥ የሚበቃ ትዕግሥት ያለው ከሌለ ራሱ ያስረክብ። የንስሐ አባቶችም በሽተኛ ሲያናዝዙ፥ ስለ ዕዳና ስለ ቂም እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ በቤት ውስጥ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን፥ ቊልፉም በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ።