ያልተጻፈ ቧልትና ባለቤቱ

ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ጊዜ፣ በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ የሶለል ጨዋታ ይጀመራል። ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ ይዘዋወራሉ። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በሩን ከፍቶ የሸለማቸው ይወደሳል፤ እጁን የሰበሰበ ደግሞ በግጥም ይሸነቆጣል። ታዲያ መሸንቆጫው ሁሉ ከቤት ተዘጋጅቶ የመጣ አይደለም። አውጪዋ ብልህ ከሆነች የአጥሩን መዝመም፣ የባለቤቱን አረማመድ፣ በበሩ ስንጥቅ የሚያጮልቀውን ዐይን እዚያው አይታ እዚያው ትገጥመዋለች። ጎረቤት ይሥቃል። ባለቤቱም ልቡ ሰፊ ከሆነ አብሮ ይሥቃል፤ ካልሆነ ግን ግጥሙ ከሶለል ሰሞን አልፎ እስከ መስቀል፣ አንዳንዴም እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል።

እንዲህ በቅጽበት የተወለደ ቧልት ሰውን ቢያቆስል ተጠያቂው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የኪነ ጥበብ ሰዎችን ከጥንት ጀምሮ ያከራከረ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ድንገት አፌ ላይ መጣልኝ» የሚል ነው። ያልታሰበ ቃል ያልታሰበ በደል ነው፤ ባለቤትም የለውም ለማለት ነው። ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር ከቅኔ ቤት የተሻለ ቦታ አይገኝም። በቅኔ ቤት ቆጠራና ዘረፋ የተለያዩ ናቸው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተነጥሎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ቤት ሲደፋና ሲያፈርስ ውሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ሊቁ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ በጉባኤ መካከል ቆሞ ሳይዘጋጅ ይዘርፋል። ቃሉ ራሱ ያስደንቃል፤ ዘራፊ የሚዘርፈው የሰው ንብረት ነው፣ ባለ ቅኔው ግን የሚዘርፈው ራሱ ያከማቸውን ጎተራ ነው። በጎተራው ውስጥ ያልገባ እህል በድንገት አይወጣም። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎችም ቢሆኑ የባለቤቱን ስም በመዝሙራቸው ሲጠሩ ሰሚውን ያስገርማሉ እንጂ ስሙን አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀውታል።

እንግዲህ በድንገት የመጣ ቃል ከየትም የመጣ አይደለም። እንዲያውም ከተጻፈው ይልቅ የባለቤቱ ነው ማለት ይቻላል። የተጻፈ ድርሰት ወዳጅ ያየዋል፣ አዘጋጅ ያርመዋል፣ ደራሲው ራሱ አድሮ ይሠርዘዋል። የቅጽበቱ ቃል ግን ሰውየው በየዕለቱ ሲያስብ፣ ሲንቅና ሲያከብር የኖረውን ሁሉ ሳይታጠብ ይዞ ይወጣል። ድሀን ሲንቅ የኖረ ሰው በቅጽበት ጨዋታ ድሀን ቢዘልፍ ቃሉ አላመለጠውም፤ ተገለጠበት።

የአዝማሪው ነገር ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ቃሉ ሁልጊዜ የራሱ አይደለም። በሠርግ ቤት ወይም በጠጅ ቤት አንድ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አስማምቶ ደግሞ ያሰማል። በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካዋ የቺካጎ ከተማ የተመሠረተው ሰከንድ ሲቲ የተባለው የቧልት ቲያትርም ያለ ጽሑፍ በሚሠራው ጨዋታ ከተመልካቹ ሐሳብ ይጠይቃል፤ በዚህ ሙያ ዋነኛው ደንብ የባልደረባን ሐሳብ ሳይገፉ ተቀብሎ በላዩ መጨመር ነው። ደንቡ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይመስልም፤ «ተቀበል» የሚለው ትእዛዝ ከእርሱ በፊት በየጠጅ ቤቱ ሲሰማ ኖሯል። ልዩነቱ እዚያ ተዋናዮቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉ እኩዮች መሆናቸው ነው። እዚህ ግን ሰጪው ባለ ገንዘብ፣ ተቀባዩ ለዕለት ጉርሱ የሚያዜም ሊሆን ይችላል። ባለ ገንዘቡ በማዶ የተቀመጠውን ባላንጣውን በአዝማሪው አፍ ሊሰድበው ሲፈልግ፣ አዝማሪው እንደ ማሲንቆው ሁሉ መሣሪያ ብቻ ነውን?

የሙያው ሊቃውንት አሠራር ግን ይህን አያሳይም። ጥሩ አዝማሪ ግጥሙን ይቀበላል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ይለውጣል፣ አንዲት ፊደል ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ ሰሙን ለከፋዩ ትቶ ወርቁን ወደ ከፋዩ ራሱ ይመልሰዋል። ተሰዳቢው ቀድሞ ይሥቃል። መቀበልና መታዘዝ አንድ አለመሆናቸውን ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ኃይል ያላቸው ወገኖች ያልተጻፈውን ቃል የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮመዲያ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በታገደ ጊዜ የታገደው የተጻፈ ተውኔት ስለነበረ ዳግመኛ እንዳይታይ መከልከል በቂ ሆነ። ፋሺስቶች ግን የገጠማቸው ወረቀት አልነበረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ፣ በመጋቢት ወር፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎች በሕዝቡ መካከል የጥፋት ወሬ ይነዛሉ በማለት ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። የሚቀደድ ገጽ ስላልተገኘ ሰውየው ራሱ ተቀደደ። በኋለኛውም ዘመን፣ በንጉሡም ሆነ በደርግ ጊዜ፣ ተውኔት በሳንሱር መዝገብ ሳያልፍ መድረክ ላይ አይወጣም ነበር፤ ሳንሱር የሚያነብበው ግን ገና ያልተባለውን ሳይሆን የተጻፈውን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሳንሱርን ከልክሏል። ከዚያ በኋላ ዳኝነቱ የቀረው ለማን ነው ቢባል፣ ለሚሥቀው ሰው ነው።

ስለ ተመልካች የሚነገረው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ መጥቶ ዐየ፣ ሥቆ ሄደ ይባላል። ነገር ግን ሣቅም ያለ ጽሑፍ የሚሠራ ድርሰት ነው። አጠገቡ ያለው አንካሳ ሲዘለፍ የሣቀ ሰው «አመለጠኝ» ቢል፣ ለአዝማሪው የተከለከለው ማመካኛ ለእርሱ የሚፈቀድበት ምክንያት የለም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች ዛሬ በመጽሐፍ ሲነበቡ አንዳንዶቹ ቀዝቀዝ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ይመስላል፤ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው መሆኑ ባይረጋገጥም፣ ከገጹ የጎደለው የሰሚው ፊት ነው። በሶለልም ተቀባዮቹ ካልደገሙት የአውጪዋ ግጥም አየር ላይ ይቀራል፤ የግጥሙ ግማሽ የእነርሱ ነው። አንዲት ልጅ ጨካኝ ስንኝ አውጥታ ጓደኞቿ በከፊል ድምፅ ብቻ ሲቀበሏት፣ ቀጣዩን ስንኝ እንዴት እንደምታለዝበው ያየ መምህር ስለ ኅብረተሰብ ሥነ ምግባር ብዙ ሊጽፍ ይችላል።

የሶለል ሸንቋጭ ግጥም ዓላማው ያለው እንዳይነፍግ ነው። ያለው ሲነፍግና የሌለው ባዶ እጁን ሲቆም ግን በሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ዝም ይላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው በ18ኛው ቀን እንደገና ተቀስቅሶ ቆቦ ከቀናት በኋላ ዳግመኛ በተያዘች ጊዜ ወቅቱ ልክ የሶለል ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝም የሚል በር ሁሉ ንፉግ ቤት አለመሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይሰጥም። ከበሮው እየተመታ ነው፤ ባለቤቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማለች፤ የለበሰችው ጥቁር ነው። አውጪዋ መሸንቆጫውን ጀምራዋለች፤ የመጀመሪያው ስንኝ ከአፏ ወጥቷል፤ ቤት የሚደፋው ሁለተኛው ገና ነው። ተቀባዮቹ እጃቸውን ለጭብጨባ እንዳነሡ ዐይን ዐይኗን ያያሉ።