ደመወዝ የሚገዛውና የማይገዛው

በላስታ ምድር፣ ጥንት ሮሐ ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ግን በንጉሡ ስም ላሊበላ በምትባለው ከተማ፣ ከዐለት የተፈለፈሉትን ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሁሉ አሠሪውን ቅዱስ ላሊበላን ያመሰግናል። መሮ ጨብጠው ዐለቱን የወቀሩት ጠራቢዎች ግን ስማቸው አልተረፈልንም። ንጉሡ ባያስቡና ባያሠሩ ጠራቢው ባልጠረበ፤ ጠራቢውም ባይደክም የንጉሡ ሐሳብ ሐሳብ ብቻ ሆኖ በቀረ። እንግዲህ ሥራው የማን ነው? የአሠሪው ነው ወይስ የሠሪው?

ይህ ጥያቄ በዘመናችን በዩኒቨርሲቲዎች የሥራ ውል ላይ ይነሣል። በብዙ አገር መምህሩ ወይም ተመራማሪው ሲቀጠር፣ በሥራው ላይ ሳለ የሚፈለስፈው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ እንዲሆን ይፈርማል። የሀገራችንም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ስለ ፈጠራ የሚናገረው ዐዋጅ ቁጥር 123፣ ፓተንት የተባለው መብት በመሠረቱ የፈልሳፊው መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ሠራተኛ በተቀጠረበት ሥራ የፈለሰፈውን፣ ተቃራኒ ውል ከሌለ በቀር፣ ለአሠሪው ይሰጠዋል። ከሥራው ጋር ሳይገናኝና በአሠሪው ዕቃ ሳይጠቀም የፈለሰፈው ግን የራሱ ነው።

አባቶቻችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ብለዋል። ይህን የሰማ ሰው ሕጉ አሠሪውን ያደላ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ላቦራቶሪውን ያቆመው፣ መጽሐፉን የገዛው፣ ጥናቱ ፍሬ ሳይሰጥ በቀረበትም ዓመት ደመወዝ የከፈለው ማን ነው? ኪሳራውን ለመሥሪያ ቤቱ ትቶ ትርፉን ብቻውን የሚወስድ ሠራተኛ ቅን ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ደመወዝ ጊዜንና አገልግሎትን፣ ከዚያም ከሚገኘው ጥቅም ድርሻን ይገዛል ብንል ከእውነት አንርቅም። ጥያቄው ደመወዝ የማይገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የእንዶድ ታሪክ ጥሩ አስረጂ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ በዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ብልሃርዝያ የተባለውን በሽታ አስተላላፊ ነውና፣ እንዶድ በሽታውን ለመከላከል ይረዳል ብለው ጥናት ጀመሩ። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዓመት ደክመው፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቆይቶም በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለውን ባለዛጎል ፍጥረት የሚገድል መሆኑ ታወቀ፤ በ1993ም ፓተንት ተሰጠበት። የዶክተር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ መካከል ተጽፎአል፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ፈልሳፊዎቹ ድካማቸውን በፊርማ ለዩኒቨርሲቲው ማስተላለፍ ይችላሉ፤ የራሳቸው ነውና። ነገር ግን የእንዶድን ፍሬ ወቅጦ አረፋውን ማውጣት ለዓለም ያስተማረው ማን ነው? በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ፣ ሳሙና ሳይመጣ፣ ለልደት በዓል ነጠላዋን በእንዶድ ስታነጣ የኖረችው እናት አይደለችምን? እርስዋ በምንም ውል ላይ አልፈረመችም፤ ደመወዝም አልተቀበለችም። ሰውም የራሱ ያልሆነውን ሊያስተላልፍ አይችልም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 ለማኅበረሰብ ዕውቀት መብት መስጠቱ ይህንኑ እውነት ስለ ተረዳ ይመስለናል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮችን ደመወዝ አይገዛቸውም እንላለን። አንደኛው የፈልሳፊው ስም ነው፤ ጥቅም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ያሰበው ሰው ግን ያው ያሰበው ነው። ሁለተኛው ፈልሳፊው ራሱ ከሕዝብ የተበደረው ዕውቀት ነው። መሥሪያ ቤቱ መብቱን ሲረከብ ይህን ዕዳ አብሮ ይረከባል። ይልቁንም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር ስለ ሆነ፣ የተረከበውን ሀብት እንደ ዐደራ ጠባቂ እንጂ እንደ ነጋዴ ሊይዘው አይገባም።

እንግዲህ ውል የምታዘጋጁ ሹማምንት፣ ወጣቱ መምህር ሥራ ፈላጊ ሆኖ በችኮላ የሚፈርመውን ቃል አስረዱት፤ ከጥቅሙ የሚደርሰውንም ድርሻ በጽሑፍ ወስኑለት። እናንተም መምህራን፣ ከባላገር ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን ከማን እንዳገኛችሁት በመዝገባችሁ ጻፉ። ተማሪዎችም ከመፈረም በፊት ማንበብን ልመዱ። ያልተጻፈ ስም በዘመን ብዛት ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ባለዕዳው ልክፈል ቢል እንኳ የሚከፍለውን ሰው አያገኝም።