ቀኑ ካልደረሰ

«ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» የሚለው አባባል በቆቦም ሆነ በመላው የራያ ቆላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጽናናበት ነው። ለቅሶ ቤት ሲባል ሰውን ያቆማል፤ ያገለገለ ማሽን ሲሸጥ ሲባል ግን የሻጭን ዝምታ ይሸፍናል። ባጃጅ ሲሸጥም ያው ነው። ነገሩ ይበልጥ የሚጠራው ግን ጉድለት ምሕረት በሌለው ዕቃ ላይ ስለሆነ፣ ያገለገለ የበረራ ማሠልጠኛ ሄሊኮፕተርን እንውሰድ።

ባለ ፒስተን ሞተሩን ሮቢንሰን አር-22 አምራቹ በ2,200 የበረራ ሰዓት ወይም በ12 ዓመት፣ በቀደመው፣ ተፈትቶ እንዲታደስ ያዛል። ጥቂት የበረረ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ቆሞም ያረጃል። በአናቱ የሚሽከረከረው ክንፍ ጫፍ ላይ ቀለሙ ተልጦ የማጣበቂያው መስመር ከተጋለጠ የውጭ ቆዳው ሊላቀቅ ይችላል፤ ባለሙያ በሳንቲም መታ መታ እያደረገ ድምፁ የሚለወጥበትን ያዳምጣል። የራያ አቧራ ደግሞ ለቀለም አይራራም። ሙቀቱም እንዲሁ፦ ቆቦ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም፣ በ30 ዲግሪ ቀን አየሩ ስለሚሳሳ ማሽኑ 2,400 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይደክማል። ባሕር ዳርቻ ተሞክሮ ደህና የመሰለ ሞተር እዚህ ጉዱ ይወጣል።

ገዢና ሻጭ ከተስማሙ ማን ምን አገባው ይባል ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ሲያደርግ የሚያስበው ለገዢው ነው። ነገ መሪውን የሚጨብጠው ሠልጣኝ ግን በድርድሩ አልነበረም፤ የማሽኑ የጥገና መዝገብ ቢጎድል እንኳ የሚነግረው የለም። ስለ ራሱ «ቀኑ ካልደረሰ» የሚል ሰው እምነቱን ይናገራል፤ ስለ ሌላው ሲለው ግን የሰው ነፍስ ሳያስፈቅድ ያስይዛል። ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ቤት ሠሪ ለሰገነቱ መከታ እንዲያበጅ ያዘዘው፣ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ነቢዩ ሙሐመድም ግመሉን ፈትቶ በአላህ ስለመመካት የጠየቃቸውን ሰው አስሮ እንዲመካ እንደነገሩት ይተረካል፤ ይህ ግመል ለሚነዳ ራያ ማብራሪያ አያሻውም።

እንዲህ ከተጠነቀቅን ሥልጠናው የሀብታም አገር ብቻ ይሆናል የሚለው ሙግት ክብደት አለው። ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ በወጉ የታደሰና መዝገቡ የተሟላ አሮጌ፣ ቸል ከተባለ አዲስ ይሻላል። መዝገቡ የጎደለውን በርካሽ የገዛ ግን ገንዘቡን ለራሱ ቆጥቦ አደጋውን ለሌላ አሸክሟል። እንግዲያው መዝገቡ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ለሠልጣኙም ይከፈት፤ አንብቦ እምቢ ካለ የከፈለው ይመለስለት።