ትእዛዝና ኅሊና

በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወታደራዊ ሥርዓት ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሐሳቡን ያመነጩት በወጣትነታቸው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው የነበሩት፣ በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ከንቲባ የሆኑት ጄሪ ብራውን ናቸው። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ የራሱ አስተዳደር ስላለው «ቻርተር» ይባላል። ተማሪው የደንብ ልብስ ለብሶ ይሰለፋል፣ ማዕረግም ይቀበላል። የከተማይቱ የትምህርት ቦርድ አስቀድሞ ፈቃድ ነፍጎት ነበር።

ሥርዓቱን ልንንቀው አንችልም። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በጎነት የጸና ልማድ መሆኑን ያስተምረናል፤ ልማድም ያለ ድግግሞሽ አይገኝም። እኛም ካህናት በዘርዐ ክህነት በደወል ተነሥተን በደወል የተኛን ነን! ልጇን ከመንገድ ዳር ሁከት ለማራቅ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የምትመርጥ እናትም አትወቀስም።

ነገር ግን ያው መምህር በጎነት በምርጫ የሚሠራ መሆኑን ይጨምራል። ለትእዛዝ ብቻ የሚታዘዝ ልጅ፣ አዛዡ ዘወር ሲል ምን ይመራዋል? ዓመፃን ቢያዝዘው እምቢ ለማለት ኅሊናውን ማን አሠለጠነለት? ስለዚህ ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ ከሰልፉ ማማር ይልቅ፣ ልጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጠው ቢመረምሩ እንወዳለን።