የተውሶ ጠባሳ፦ በሰው ምስል ላይ ስለሚደረብ ልባስ

ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖሯል። የሰው ምስል ብርሃን የመሰከረው ቃል ነው ወይስ የከያኒው እጅ ያበጀው ሥራ? ጥያቄው በየዘመኑ መልኩን እየለዋወጠ ይመለሳል። በዛሬው ጊዜ የተመለሰው በኮምፒዩተር በኩል ነው። ፎቶግራፍ አንሺው የአንድን ሰው ፊት ካነሣ በኋላ የተሰነጣጠቀ ግድግዳ፣ የወየበ ወረቀት፣ የዛገ ቆርቆሮ ወይም የተጫጫረ መስተዋት ምስል አምጥቶ በፊቱ ላይ ይደርባል። በሙያው ዘንድ «ቴክስቸር» የሚባለውን ይህን ተደራቢ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ልባስ» እንለዋለን። በመጻሕፍት ሽፋን፣ በሙዚቃ አልበምና በቴአትር ማስታወቂያ ላይ አዘውትረን እናየዋለን። ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች ምርጫ መተው በበቃ ነበር። ነገር ግን ልባሱ የሚያርፈው በሰው ፊት ላይ ነው፤ ፊት ደግሞ ባለቤት አለው። ስለዚህ ጉዳዩ ከውበት አልፎ የግብረ ገብ ጥያቄ ይሆናል።

አስቀድሞ የአሠራሩን ጠባይ መረዳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ ምስሎችን እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ደራርቦ እያንዳንዱን ለየብቻ ማረም የሚያስችለውን ስልት ያገኘው በ1994 በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። የላይኛው ምስል ከታችኛው ጋር የሚዋሐደው በሒሳብ ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገለጻል፤ 0 ጥቁር፣ 1 ነጭ ነው። «ማባዛት» በሚባለው ስልት ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይባዛሉ። ስለዚህ ልባሱ ነጭ በሆነበት ቦታ ፊቱ እንዳለ ይቀራል፤ ልባሱ በጠቆረበት ቦታ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል። ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። ብርሃኑ 0.8 በሆነ ፊት ላይ 0.6 የሆነ ልባስ ቢያርፍ ውጤቱ 0.48 ነው፤ ብርሃኑ 0.3 በሆነ ጠይም ፊት ላይ ያው ልባስ ሲያርፍ ግን የሚቀረው 0.18 ብቻ ነው። ይህም ለጥቁር የቀረበ ነው። በቀላ ፊት ላይ ጌጥ የሆነው ስንጥቅ በጠይም ፊት ላይ የጉንጩን ቅርጽና የዐይኑን ዙሪያ ይውጠዋል ማለት ነው። መሣሪያው ራሱ ክፋት የለውም፤ የሚደረብበትን ፊት ሳያስተውሉ መጠቀም ግን ፊቱን ማጥፋት ይሆናል።

ከዚህ ተነሥተው ልባስን ከነጭራሹ የሚያወግዙ ይኖራሉ። ሐሳባቸው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ሮበር ደማሺ ምስሎቹን በሙጫና በቀለም እያተመ፣ በብሩሽም እየነካካ ከሥዕል ጋር እንዲቀራረቡ አደረገ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1932 እነ ኤድዋርድ ዌስተንና አንሰል አዳምስ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ «ኤፍ 64» በሚል ስም ተሰባስበው፣ ፎቶግራፍ ጥርት ያለና ከሌሎች የኪነ ጥበብ ዘርፎች ያልተዋሰ መሆን አለበት ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ ጠቃሚ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገጽ የሌለው ምስል ኖሮ አያውቅም። ፊልም የብር ቅንጣት አለው፤ ወረቀት ጭረት አለው፤ መስተዋት አቧራ ይይዛል። የዛሬው የስልክ ካሜራ የሚሰጠው ልስላሴም ልባስ ነው፤ የፊትን መሥመር ሲያጠፋ ከስንጥቅ ባላነሰ ይዋሻል። ስለዚህ ጥያቄው «ልባስ ይኑር ወይስ አይኑር?» የሚል ሊሆን አይችልም። ልንጠይቅ የሚገባው «ይህ ልባስ የማን ነው? ስለ ምንስ ይመሰክራል?» ብለን ነው።

ምልክት ሁሉ የአንድ ድርጊት ትራፊ ነው። በአሮጌ ብራና ላይ የምናየው ጥቁረት የብዙ ዘመን የጧፍ ጭስና የእጅ ወዝ ነው፤ ቅጠሉን የገለጡ ጣቶች ባይኖሩ ያ ጥቁረት ባልተገኘም ነበር። አዲስ ብራና በጭስ አጥኖ «ጥንታዊ ነው» እያለ ለጎብኚ የሚሸጥ ሰው የሚያታልለው ገንዘብ ከፋዩን ብቻ አይደለም፤ ያልኖሩ አንባቢዎችን ይፈጥራል፤ ያልተደገመን ዳዊት እንደ ተደገመ ያስመስላል። እንዲሁም ትናንት በተነሣ ምስል ላይ የመቶ ዓመት ስንጥቅ ደርቦ ተመልካቹ እንዲያምነው አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ያላለፈውን ዘመን አለፈ ብሎ ይመሰክራል። በሐሰት መመስከር በአንደበት ብቻ አይፈጸምም።

ነገሩን በአንድ የታወቀ ምስል እንመርምረው። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከአገር ሳይወጡ በጉዞ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ሕፃን በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ በዋይት ደሴት ከፎቶግራፍ አንሺዋ ከጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀረበ። ካሜሮን በ48 ዓመቷ ካሜራ የያዘች፣ ኮሎዲዮን በተቀባ እርጥብ መስተዋት ላይ የምትሠራ ሴት ነበረች። በዚህ ስልት መስተዋቱ ሳይደርቅ መቀባት፣ ምስሉን መቀበልና መታጠብ አለበት። ከዚህም የተነሣ በብዙ ሥራዎቿ ላይ የጣት አሻራ፣ ጭረትና የፈሳሽ መድኃኒት ምልክት ይታያል። የዘመኑ ሐያስያን በዚህ ነቅፈዋታል፤ እርሷ ግን ጉድለቶቹን ለመሸሸግ ብላ ሥራዎቿን አልጣለችም። እንዲህ ያለ ጭረት በእርሷ መስተዋት ላይ ሲገኝ እውነተኛ ነው፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች እጅ፣ በዚያ ችኮላ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ዛሬ የዚያ ዓይነት ጭረት ተቀድቶ ለገበያ ይቀርባል፤ በማንኛውም ሕፃን ፊት ላይ በቅጽበት ያርፋል። ያን ጊዜ ጭረቱ የማንም እጅ አሻራ አይደለም፤ የሐዘንን መልክ ሐዘን ላልደረሰበት ልጅ ያለብሰዋል።

ይህ ሲባል ግን የዓለማየሁ ምስል ከዚህ የከበደ ነገርም ያስተምረናል። ገጹ እውነተኛ መሆኑ ምስሉን ፍትሐዊ አላደረገውም። ልጁ አባቱንና እናቱን በወራት ውስጥ ያጣ፣ ከአገሩም የተነጠቀ ነበር። ካፒቴን ስፒዲ፣ በእኛ ዘንድ ባሻ ፈለቀ የተባለው እንግሊዛዊ፣ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሥቷል። ሕፃኑ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ለመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ፤ እኛም ፊቱን እስከ ዛሬ የምናየው ሌሎች ባዘጋጁት መልክ ነው። ስለዚህ የገጽ እውነተኛነት ብቻውን አይበቃም። እውነተኛ ጭረት ያለበት ምስል ባለፊቱን ሊበድል ይችላል፤ ልባስ የተደረበበት ምስልም ባለፊቱን ሊያከብር ይችላል። ወሳኙ ነገር ባለፊቱ በራሱ ምስል ውስጥ ያለው ድርሻ ነው።

ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ ዛሬው ሥራ እንመለስ። በዕድሜ የገፉ የአንዲት ገበሬ እናት ፊት የራሱ መሥመር አለው። ያን መሥመር ፀሐይና ነፋስ፣ ወሊድና ሐዘን፣ ሳቅም ጭምር አብረው አርሰውታል። በዚህ ፊት ላይ የደረቀ መሬት ስንጥቅ የሚደርብ ከያኒ ምን ይጨምራል? ችግራቸውን ጌጥ ያደርገዋል፤ እርሳቸውንም ከሰውነት አውርዶ የድርቅ ምልክት ያደርጋቸዋል። ተመልካቹ መሬቱን ያያል እንጂ እናቲቱን አያይም፤ ስማቸውን ለመጠየቅም አይነሣሣም። በሌላ በኩል አንድ ሸማኔ ራሱ ከሠራው ሸማ የተወሰደ የድርና ማግ ምስል፣ እርሱው ፈቅዶና አይቶት፣ በፊቱ ዙሪያ ቢዋሐድ ልባሱ የሰውየውን ሕይወት አስፍቶ ይነግረናል። ሁለቱም ልባስ ናቸው። የመጀመሪያው የመጣው ከአንሺው ምኞት ነው፤ የሁለተኛው ግን ከባለፊቱ ኑሮ።

«ኪነ ጥበብ ፈጠራ አይደለምን? ተዋናይስ ፊቱን ተቀብቶ ያልኖረውን ዕድሜ ይጫወት የለምን?» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። እርግጥ ነው። ነገር ግን በቴአትር አዳራሽ ተመልካቹ የሚያየው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ተዋናዩም ፊቱን ያዋሰው በፈቃዱ ነው። የተመልካቹ ዕውቀትና የባለፊቱ ፈቃድ ባሉበት ቦታ ልባስ ሐሳብ መግለጫ ይሆናል፤ ሁለቱ በሌሉበት ግን ፊት መሸፈኛ ይሆናል። በቅኔያችን ሰም የሚከበረው ወደ ወርቁ ስለሚያደርስ ነው። ወርቅ የሌለው ሰም የቃላት ድርድር እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከይዘቱ የተለየ ልባስም የገጽ ድርድር ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ይህን ሙያ የሚያስተምሩ መምህራን ከመሣሪያው አጠቃቀም ጋር ኃላፊነቱንም አብረው ቢያስተምሩ ይገባል። ተማሪው በመጀመሪያ ፊቱን ያለ ልባስ ጊዜ ወስዶ ይመልከት። ከዚያም ከገበያ የተዘጋጀ ስንጥቅ ከመግዛት ይልቅ ካሜራውን ይዞ ወደ ባለፊቱ የሥራ ቦታ፣ ወደ ቤቱ ግድግዳ፣ ወደ መሣሪያው ይሂድ። ልባሱን ሲደርብ ኃይሉን ከዝቅተኛው ጀምሮ ይሞክር፤ ከዐይንና ከአፍ ላይም ያንሣው፤ ሰው በእነዚህ ይናገራልና። የመጀመሪያውን ምስል አያጥፋ። የጨረሰውን ሥራ ለባለፊቱ ሳያሳይ ለአደባባይ አያቅርብ፤ ሲያቀርብም ልባስ የተደረበበት መሆኑን ከሥሩ ይጻፍ። የዜናና የታሪክ መዛግብት ምስሎች ግን ምንም ዓይነት የተውሶ ምልክት ሊነካቸው አይገባም፤ መጪው ትውልድ የሚጠይቃቸው ምስክሮች ናቸውና።

ይህ ሁሉ የከያኒውን ነፃነት የሚያጠብብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሥዕል ሠሪ በሸራው ላይ ያለው ሙሉ ሥልጣን በሰው ፊት ላይ ለፎቶግራፍ አንሺ አልተሰጠውም። ሸራው ከመሣሉ በፊት ሕይወት የለውም፤ ከካሜራው ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ወደዚያ የመጣው ጠባሳውንም ሳቁንም ይዞ ነው። ጠባሳውን የማሳየትም ሆነ የመሸፈን መብት ከሁሉ በፊት የእርሱ ነው። ከያኒው ልባሱን ከመደረቡ በፊት ይህን ሰው አማክሮ እንደ ሆነ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።